ማሳከኩ እየሄደ ሲመለስ፦ ስለ አዩርቬዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህ ጥያቄ ሊመጣ ሲል ይገባኛል። ሴትየዋ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ከዚያ ጠጋ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታች ያሳክከኛል፤ ትንሽ ይሻለኝና ደግሞ ይመለሳል» ትላለች። አሁን አሁን ሌላም ጥያቄ ተጨምሯል። ከዱባይና ከሌሎች የአረብ አገሮች የተመለሱ እህቶች፣ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ያዩ ልጆች «የህንዱ አዩርቬዳስ? ከሥሩ ይነቅለዋል ይባላል» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

አዩርቬዳ ስለዚህ ችግር የሚለው ነገር አለ?

አለ፤ ያውም ብዙ። አዩርቬዳ የህንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ነው። ዛሬም ህንድ ውስጥ በመንግሥት ደረጃ አዩሽ የሚባል ሚኒስቴር አለው። ባለሙያዎቹ ከኢንተርንሺፕ ጋር 5 ዓመት ተኩል ተምረው ይመረቃሉ። የሴቶች በሽታና የወሊድ ጉዳይ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አለው።

ከዋናዎቹ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ቻራካ ሳምሂታ ነው። እሱ ውስጥ የሴት ብልትና የማህፀን ሕመሞች 20 ተብለው ተዘርዝረዋል፤ የወል ስማቸው ዮኒ ቪያፓድ ነው። ሰውነትን የሚያስተዳድሩት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ናቸው ብለው ስለሚያምኑ በሽታውንም በዚያው ይከፍሉታል። ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ኖሮ የሚያሳክክ ከሆነ ካፋ በዝቷል ይላሉ። ማቃጠልና ትኩሳት ካለው ፒታ ነው። ድርቀትና ውጋት ካለው ቫታ።

እኔን በጣም የገረመኝ አቻራና የሚባለው ነው። ቻራካ እንደሚለው ይህኛው ማሳከክ የሚመጣው በንጽሕና ጉድለት ከሚፈጠሩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። ማይክሮስኮፕ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ መሆኑን አስቢው። ሴቶችን ጠጋ ብሎ ያየና የሰማ ሰው የጻፈው ነው። ግን ያ መጽሐፍ ፈንገስን ከባክቴሪያ፣ ባክቴሪያን ከቆዳ በሽታ የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ መሣሪያው አለ። እዚህ ገጽ ላይ የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ታዲያ ማሳከኩ ከምን ከምን ሊመጣ ይችላል?

ማሳከክ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። አንድ ዓይነት የሚመስል ማሳከክ ከብዙ ቦታ ይመጣል።

አንደኛው ፈንገስ ነው፤ ካንዲዳ የሚባለው። እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ፈሳሽ፣ መቅላት፣ ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል። ሽታው እምብዛም ነው። ከ4 ሴቶች 3ቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ያገኛቸዋል። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ «ተመላላሽ» ይባላል፤ ሕክምናውም ይለያል። አንድ ኪኒን ውጦ መተው ሳይሆን ሐኪም ካዘዘው በየሳምንቱ ለ6 ወር የሚወሰድ ይሆናል። እየተመለሰ የሚያስቸግራቸው ብዙዎቹ ይህን ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁለተኛው የባክቴሪያ መዛባት ነው። እዚህ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የዓሣ ሽታ ነው፤ በተለይ ከግንኙነት በኋላ። ፈሳሹ ቀጠን ያለ ግራጫ ነው። ይህኛው መመለስ ይወዳል። ታክመው ከዳኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሽባቸዋል።

ሦስተኛው ትሪኮሞናስ ነው፤ በግንኙነት የሚተላለፍ።

ከዚያ ኢንፌክሽን ያልሆኑት አሉ። እነዚህ ናቸው ሳይታወቁ የሚቀሩት። ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ ዴቶል ጠብ ያደረጉበት ውሃ ቆዳውን ያስቆጣል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሆርሞን ሲቀንስ ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ደግሞ አለ። የብልት ውጪው ቆዳ እንደ ወረቀት ይነጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ አለው። ዓመታት ሳይታከም ከቆየ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። በፈንገስ ክሬም አይድንም። በእጽዋት እጥበትም አይድንም።

እኔ ሁልጊዜ ፈንገስ ነው የሚይዘኝ፤ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ለምን እመረመራለሁ?

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነበር። «ፈንገስ ነው» ብለው ራሳቸው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶች ተመረመሩ። ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሦ ያህሉ ናቸው። የቀሩት ሌላ ነገር ነበራቸው፤ ምንም ያልተገኘባቸውም ነበሩ። ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ፈንገስ ይዟቸው የሚያውቅ ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ጤና ጣቢያ ፈሳሽ አለኝ ስትዪ በምልክት ብቻ ተገምቶ መድኃኒት ይሰጥሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይህ አሠራር ምክንያት አለው። ሦስተኛ ጊዜሽ ከሆነ ግን «ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ፣ ካልቸር (ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ከተቻለ ይሠራልኝ፣ ስኳሬም ይለካ» በይ። መብትሽ ነው።

የትሪፋላ ወይም የአምስቱ ቅርፊቶች እጥበት ይሠራል?

አዩርቬዳ ለዚህ ችግር በብዛት የሚያዘው እጥበት ነው፤ ዮኒ ፕራክሻላና ይሉታል። አንዱ በትሪፋላ ነው፤ ሦስት የደረቁ ፍሬዎች (አማላኪ፣ ሃሪታኪ፣ ቢቢታኪ) ተፈጭተው ይፈላሉ። ሌላው ፓንቻቫልካላ ነው፤ የአምስት ዛፎች ቅርፊት። አራቱ የሾላና የዋርካ ዘመዶች ናቸው። ሲፈላ የቡና ዝቃጭ የመሰለ ቡናማ ውሃ ይወጣዋል። ምላስ ላይ ቢነካ አፍ ያጨማድዳል፤ ታኒን አለውና። ሰውነት ላይም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ያደርቃል፣ ይሰበስባል። ለዚህ ነው ፈሳሽ የበዛባቸው ሴቶች «ቀለለኝ» የሚሉት።

ህንድ ውስጥ የአዩርቬዳ ኮሌጆች በዚህ ላይ የሠሯቸው ጥናቶች አሉ። ውጤታቸው መልካም ይመስላል። ነገር ግን አብዛኞቹ በጥቂት ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ንጽጽራቸውም ጠንካራ አይደለም። በእነሱ ተማምኜ መድኃኒትሽን ተዪ ልልሽ አልችልም።

ዋናው ስጋቴ ግን ውስጥን መታጠቡ ነው። ጤነኛ ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። አሲድ እየሠሩ ቤቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ውስጥን በተደጋጋሚ ማጠብ፣ በምንም ይሁን በምን፣ ጠባቂዎቹን ይዞ ይወጣል። ውስጣቸውን የሚታጠቡ ሴቶች ላይ የባክቴሪያ መዛባት በብዛት እንደሚታይ በጥናት ታይቷል። ሆስፒታል ውስጥ የሠለጠነ ባለሙያ ለተወሰነ ቀን የሚሰጠው እጥበትና ቤት ውስጥ በየቀኑ በፕላስቲክ መርጫ የሚደረገው አንድ አይደሉም።

ለብ ባለ የትሪፋላ ውሃ ከውጪ በኩል መዘፍዘፍ ከፈለግሽ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ካቃጠለሽ በዚያው አቁሚው።

እርድ፣ ኒም፣ የኮኮናት ዘይት ብቀባስ?

እርድም ኒምም ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ፈንገስን ያዳክማሉ። ይህ እውነት ነው። ሳህን ላይ መግደልና ሰው ሰውነት ላይ ማዳን ግን ለየቅል ናቸው። ኮምጣጤም ሳህን ላይ ብዙ ነገር ይገድላል።

እርድ በጥብጣ የቀባች ልጅ መጥታ ታውቃለች። የውስጥ ልብሷ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። እሱስ ይሁን፤ ቆዳዋ ግን ተቆጥቶ አብጧል። አሁን የመጀመሪያው ማሳከክ የቱ እንደነበር፣ እርዱ ያመጣው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን። አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀባ ቆይታ ነው ሐኪም ያያት።

ኒም በድሬዳዋ መንገድ ዳር የምናውቀው ዛፍ ነው። ቅጠሉን አፍልቶ ከውጪ መለቃለቅ አንድ ነገር ነው። የኒም ዘይት ወደ ውስጥ ማስገባት ሌላ። ዘይቱ የወንድ ዘር ፍሬን ይገድላል፤ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ወይም ካረገዝሽ አይነካም።

የኮኮናት ዘይት ደረቅ ቆዳን ከውጪ ያለሰልሳል። ግን የትኛውም ዘይት ኮንዶምን ያሳሳል፣ ያስቀድዳል። ፒቹ የሚባለው በዘይት የተነከረ ጥጥ ወደ ውስጥ የማስገባት ሕክምና የባለሙያ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ተሞክሮ ጥጡ ተረስቶ ቀርቶ፣ ሽታው ቤት ሲሞላ የመጣችም አለች።

ጢስስ? ከእኛ ወይባ ጋር ይመሳሰላል ይባላል።

በሐሳብ ደረጃ ይመሳሰላል። አዩርቬዳ ውስጥ ዱፓና የሚባል አለ፤ ሙጫና እጽዋት ተጨሶ ብልት በጢሱ ይታጠናል። የወሎና የራያ እናቶች ወይባ ሲሞቁ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወይባ ለሰውነት መፍታታት፣ ለቆዳ፣ ለጠረን የሚወደድ የቆየ ባህል ነው። እኔም እወደዋለሁ።

እያሳከከሽ ባለበት ጊዜ ግን ቆይ በይው። የተቆጣ ቆዳ ሙቀትና ጢስ ሲጨመርበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ ሽታውንና ፈሳሹን ለጊዜው ይሸፍነውና ምርመራውን ያዘገይብሻል። ከዳንሽ በኋላ ትሞቂያለሽ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ጭራሽ ይቅርብሽ።

የሚዋጡት ኪኒኖችና ሽሮፖች ጉዳት አላቸው? እጽዋት አይደሉም እንዴ?

ሁሉም እጽዋት ብቻ አይደሉም። አዩርቬዳ ውስጥ ማዕድንና ብረት ሆን ተብሎ የሚገባበት ዘርፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 ምርቶች ሲመረመሩ 14ቱ ውስጥ ሊድ (እርሳስ)፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ተገኙ። በ2008 በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 ምርቶች ታዩ፤ አሁንም ከ5 አንዱ ገደማ። አሜሪካ የተመረቱትም ህንድ የተመረቱትም በዚህ አይለያዩም ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ በ2011 እና በ2012 የህንድ አዩርቬዳ መድኃኒት የወሰዱ 6 ነፍሰ ጡር ሴቶች በሊድ መመረዛቸው ተመዝግቧል። ሊድ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ለሴቶች ችግር በብዛት የሚታዘዘው አሾካሪሽታ የሚባለው ሽሮፕ ደግሞ ተብላልቶ የሚሠራ ነው። እስከ 10 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ጠርሙሱ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። በሃይማኖት አልኮል ለማትጠጪ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ወይም ለባክቴሪያ መዛባትና ለትሪኮሞናስ የሚታዘዘውን ሜትሮኒዳዞል ለምትወስጂ ይህን ማወቅ ግድ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እህት ከዱባይ ያመጣችውን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። አረንጓዴ ካፕሱል ነው። ጽሑፉ በህንድኛ ነው፤ አምራቹም የምርት ቁጥሩም አይታይም። ሦስት ወር ወስዳዋለች። «መጀመሪያ ተሻለኝ፣ አሁን ባሰብኝ» አለችኝ። ስናወራ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማታል፤ ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት ትነሳለች። ስኳሯ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ፈንገሱ እየተመላለሰ ሲነግራት የነበረው ይህንን ነበር። ስኳሯ ሲስተካከልና በትክክል ስትታከም ለቀቃት። ካፕሱሉ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ዛሬም አናውቅም።

የስኳር መድኃኒት የምትወስጂም ብትሆኚ ስሙን ለሐኪምሽ ንገሪ። ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጡ የብልት ፈንገስ ያመጣሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪ።

ምግብ ለውጡ ይላሉ። ልስማቸው?

ካፋ ጨምሯል ለሚሏት ሴት ጣፋጭ፣ ጥብስ፣ ከባድ ምግብና የቀን እንቅልፍ ይከለክላሉ። እርጎም ይከለክላሉ። የኛ ሰው ደግሞ ለፈንገስ እርጎ ብሉ ይላል፤ አንዳንዷም ትቀባዋለች። ሁለቱም ወገን በእርጎ ጉዳይ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ብዪው፤ አትቀቢው። ስኳር በሽታ ካለብሽ ጣፋጭ መቀነሱ በእርግጥ ይጠቅምሻል። ከሌለብሽ ከአመጋገብ ተአምር አትጠብቂ፤ ጾመሽም ራስሽን አታድክሚ።

ነፍሰ ጡር ነኝ።

እንግዲያው ከአዩርቬዳው ምንም አትውጪ፣ ምንም ወደ ውስጥ አታስገቢ። በእርግዝና ፈንገስ ይበዛል፤ የተለመደ ነው። ለአንድ ሳምንት በብልት የሚገባ ክሬም ወይም እንክብል ሐኪም ያዝልሻል። ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ ኪኒን በእርግዝና አይመረጥም፤ ካለፈው የተረፈ ቤት ካለሽ አትጠቀሚበት። ኢንተርኔት ላይ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጠው ቦሪክ አሲድም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ለማንም ቢሆን በአፍ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ባለቤቴም መታከም አለበት?

እንደ በሽታው ነው። ትሪኮሞናስ ከሆነ አዎ፤ ሁለታችሁም፣ በአንድ ጊዜ። ፈንገስ ከሆነ እሱ ካላሳከከው አያስፈልግም። በባክቴሪያ መዛባት ላይ ለረጅም ጊዜ «ለወንዱ አያስፈልገውም» ስንል ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ይህን ቀይሮታል። አንድ ቋሚ ጓደኛ ያላቸው ሴቶች ላይ ወንዱም አብሮ ሲታከም በ12 ሳምንት ውስጥ ያገረሸባቸው 35 በመቶ ናቸው፤ ሴቷ ብቻ ስትታከም 63 በመቶ። የሚመላለስብሽ ይህ ከሆነ ሐኪምሽን ስለዚህ ጠይቂ። አንቺ ብቻሽን ጥፋተኛ ተደርገሽ የምትታከሚበት ምክንያት የለም።

ያም ሆኖ አዩርቬዳን መሞከር እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

መጀመሪያ ምርመራው ይቅደም፤ የበሽታው ስም በእጅሽ ይኑር። ከዚያ የተማረ ባለሙያ ፈልጊ። ህንድ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ከሄድሽ እንደ ጃይፑሩ ብሔራዊ የአዩርቬዳ ተቋም ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ዱባይ ከሆንሽ ባለሙያው ከከተማው ጤና ባለሥልጣን የተሰጠ ፈቃድ ሊያሳይሽ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለአዩርቬዳ ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጥ ክፍለ ግዛት የለም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ በደንብ ጠይቂ። ጥሩ ቫይድያ (የአዩርቬዳ ሐኪም) ምርመራሽን ማየት ይፈልጋል። ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ጭንቀትሽ፣ ስለ ውስጥ ልብስሽ ረጋ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ የአዩርቬዳ ትልቁ በጎ ነገር ነው፤ እኛም ጋ ቢለመድ ደስ ይለኛል። «የሐኪሙን መድኃኒት ጣይው» ካለሽ ግን ተነሽና ውጪ።

ዛሬ ማታ እንቅልፍ ነስቶኛል። ምን ላድርግ?

ሳሙናውን ተዪ። ውጪውን ብቻ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ታጠቢ፤ ውስጥ አትግቢ። በለስላሳ ፎጣ ተጫን ተጫን አድርገሽ አድርቂ፤ አትሺው። ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ያዢበት። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ከውጪ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ያለ ውስጥ ልብስ በሰፊ ቀሚስ ተኚ። ጥፍርሽን ቁረጪ፤ እንቅልፍ ውስጥ ሆነሽ ታክኪያለሽና። በየቀኑ ሽቶ ያለው ሞዴስ ለፈሳሽ የምታደርጊ ከሆነ እሱንም አቁሚ።

ሳልዘገይ ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለሽ። ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ። ቆዳው ከነጣ ወይም እብጠት ካለው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ። ችግሩ ያለባት ትንሽ ልጅ ከሆነች ደግሞ ምንም ሳትቀቢያት ውሰጃት።

ለሐኪም መናገር በጣም አፍራለሁ።

አውቃለሁ። ብዙ ሴቶች «ሽንቴን ያመኛል» ብለው ገብተው የሽንት መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ቃሉን ቤት ተለማመጂው፤ ወይም ጽፈሽ ወረቀቱን ስጪ። እንዲህ ብለሽ፦ «ብልቴን ያሳክከኛል። በዚህ ዓመት አራተኛ ጊዜዬ ነው። እነዚህን ወስጃለሁ።» ሴት ሐኪም ከፈለግሽ መዝገብ ክፍል ስትደርሺ ቀድመሽ ጠይቂ። የተጠቀምሽበትን ሁሉ፣ ክሬሙንም ዱቄቱንም የህንዱንም ጠርሙስ፣ በፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ወደ ውስጥ ምንም አታስገቢ፤ ምርመራው የሚፈልገው ያንን ፈሳሽ ነው።